ያየው ሁሉ አልመሰከረም፦ «ድምፅ ይቅር፣ እይታ ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። የሚያወራው ስለ ኦንላይን የጥያቄና መልስ መድረኮች ነው። ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበትን ስታክ ኦቨርፍሎውን፣ ኮራንና ሬዲትን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ የቀረው አፕቮት (የድጋፍ ድምፅ) ወይም ዳውንቮት (የተቃውሞ ድምፅ) ያደርጋል።

የጸሐፊው ሐሳብ ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ ድምፅ መስጠት ይቅር፤ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን ይበቃል። እይታ አይዋሽም ይላሉ። ድምፅ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም አንዱ የሌላውን እየተከተለ ነው ይላሉ። ዳውንቮት ጀማሪን ያባርራል፤ ድምፅ ሰጪውም ስሙን ደብቆ ነው የሚወጋው። ከድምፅ የሚገኘውን ነጥብ መሰብሰቡም ሰውን ያበላሻል። መደምደሚያቸው «ድምፅ ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው የለም» የሚል ነው።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። የምስማማበት ነገር አለው፤ እሱንም አልደብቅም። ግን እኔ የሙያዬን ግማሽ የተማርኩት ስማቸውን እንኳ ከማላውቃቸው መልስ ሰጪዎች ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም። እሳቸው ባነሱበት ቅደም ተከተል ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እይታ አይዋሽም»

አዎ፣ አይዋሽም። ግን የጠየቅነው ሌላ፣ እሱ የሚመልሰው ሌላ ነው።

ቪም የሚባል፣ ብዙ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት የጽሑፍ ኤዲተር አለ። አንድ ሰው በ2012 ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ «ከዚህ ነገር እንዴት ነው የምወጣው?» የሚል ጥያቄ አቀረበ። በሜይ 2017 የጥያቄው እይታ አንድ ሚሊዮን አለፈ። ይሄ ቁጥር ምን ይነግረናል? መልሱ ጥሩ እንደሆነ አይነግረንም። ሰው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቪም ውስጥ ገብቶ መውጫው እንደጠፋው ነው የሚነግረን። ትልቅ መረጃ ነው፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ሊያስቡበት ይገባል። ስለ መልሱ ግን አንድም ቃል የለውም።

እይታ የሚቆጠረው ገጹ ሲከፈት ነው። ዓይን መልሱ ላይ ሳያርፍ ቁጥሩ ጨምሯል። በሦስት ሰከንድ «ይሄ አይደለም» ብሎ የወጣውም፣ መልሱን ሞክሮ ከጭንቅ የተገላገለውም እኩል ይቆጠራሉ። ሰው የበዛበት ሁሉ ሰርግ አይደለም፤ ለቅሶ ላይም ሰው ይበዛል።

ከዚህ የሚብስ ችግርም አለ። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ እይታ የሚቆጠረው ለጥያቄው ገጽ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ መልስ አይደለም። አንድ ጥያቄ ሥር ሃያ መልስ ቢኖር ሃያውም የሚጋሩት አንድ ቁጥር ነው። ታዲያ ድምፁን ካጠፋነው የትኛው መልስ ይቅደም? በምን ይለይ? ጸሐፊው ይሄን አላነሱትም። የሐሳባቸው መሠረት የሚናደው ግን እዚህ ጋ ነው። ኮራ ላይ እያንዳንዱ መልስ የራሱ እይታ አለው። እዚያ ደግሞ መልሱ ለስንት ሰው እንደሚቀርብ የሚወስነው መድረኩ ራሱ ነው። ያቀረበው ይታያል፤ የታየው ቁጥሩ ይጨምራል፤ ያንን ቁጥር መልሰን የጥራት ማስረጃ ልናደርገው አንችልም።

ሁለት ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንዱ በ2009 የተጠየቀ ነው፦ ጊት ላይ (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) የመጨረሻውን ኮሚት፣ ማለትም የተመዘገበውን ለውጥ፣ እንዴት ልቀልብሰው? እይታው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ሌላው በ2012 የተጠየቀ ነው፦ በቅደም ተከተል የተደረደረ ዳታ ካልተደረደረው ይልቅ ለምን ቶሎ ይሠራል? ሁለቱም ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ20,000 በላይ ድምፅ አላቸው። የሁለተኛው እይታ ግን የመጀመሪያውን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ለምን? ኮሚት መቀልበስ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰው ይመጣል፣ ትእዛዙን ኮፒ ያደርጋል፣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር ይረሳዋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይቆጠራል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚያጋጥመው ሰው ጥቂት ነው። መልሱ ግን ፕሮሰሰር ቀጣዩን መንገድ እንዴት አስቀድሞ እንደሚገምት በባቡር ሐዲድ መገናኛ እየመሰለ ያስረዳል። ያነበበው ሰው ኮምፒውተርን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። በእይታ ብቻ ብንደረድር ይሄ መልስ ከኋላ ይቀር ነበር። እይታ የቸገረውን ይቆጥራል። ድምፅ የተጠቀመውን ይቆጥራል። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ግን አይቻልም።

«ድምፅ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው»

ልክ ናቸው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2006 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፣ በአብዛኞቹ የኦንላይን ስብስቦች 90 በመቶው የሚያነብ ብቻ፣ 9 በመቶው አልፎ አልፎ የሚሳተፍ፣ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ደግሞ 1 በመቶው ነው ብሎ ነበር። በደምሳሳው አሁንም ይሠራል።

ግን ጸሐፊው ከዚህ የዘለሉበት ቦታ ትክክል አይደለም። አንድ መልስ 5,000 እይታና 4 ድምፅ ካለው «4,996 ሰው አልወደደውም» ብለው ያሰሉታል። ብዙው ተመልካች ድምፅ መስጠት እንኳ አይችልም። ከሰርች ነው የመጣው፤ አካውንት የለውም። አካውንት ቢኖረውም ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አፕቮት ለማድረግ 15 ነጥብ፣ ዳውንቮት ለማድረግ ደግሞ 125 ነጥብ ያስፈልጋል። ዝም ያለው ሰው ተቃወመ ማለት አይደለም።

ደግሞስ ይሄ ምርጫ ነው እንዴ? ምርጫ ላይ የሁሉም ድምፅ መቆጠር አለበት። እዚህ የምንፈልገው ምስክር ነው። ምስክር ሁለት ሦስት ከሆነ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ ሞክሮ ማየቱ ላይ ነው። ከ5,000 ተመልካች ውስጥ አራቱ «ሞከርነው፣ ሠራ» ካሉኝ፣ ከቀሩት ዝምታ ይልቅ የአራቱ ቃል ይጠቅመኛል።

የጥቂት ድምፅ ችግር መፍትሔም አለው። ኤድዊን ዊልሰን የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በ1927 ያወጣው ቀመር አለ። ሬዲት ከ2009 ጀምሮ ኮሜንቶችን ለመደርደር ተጠቅሞበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ መልስ ሦስት ድምፅ አግኝቶ ሦስቱም ጥሩ ናቸው እንበል። ሌላው 100 ድምፅ አግኝቶ 95ቱ ጥሩ ናቸው። በመቶኛ ካየነው የመጀመሪያው 100፣ ሁለተኛው 95 ነው። ቀመሩ ግን «በዚህ ማስረጃ ብቻ ቢያንስ ስንት በመቶ ጥሩ ነው ብዬ ልመን?» ብሎ ይጠይቃል። በተለመደው የ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 44 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛው 89 ገደማ ላይ ይቆያል። ማስረጃው ያነሰው መልስ ለጊዜው ዝቅ ይላል፤ ድምፅ ሲጨመርለት ይነሳል። ጥቂት ድምፅ ማለት ውሸት ድምፅ ማለት አይደለም። በልኩ መታመን ያለበት ድምፅ ማለት ነው።

«ድምፅ መንጋ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥሩ ነገር ይዘዋል። ከሚያውቁት በላይም ማስረጃ አላቸው።

በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ ታትሟል። ተመራማሪዎቹ አንድ የዜና ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ 101,281 ኮሜንቶችን ወስደው፣ ለአንዳንዱ በዘፈቀደ አንድ አፕቮት፣ ለአንዳንዱ አንድ ዳውንቮት ሰጡ። የቀረውን እንዳለ ተዉት። አንዲት የውሸት አፕቮት ያገኘውን ኮሜንት ቀጥሎ ያየው ሰው አፕቮት የማድረግ ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ። በመጨረሻም የእነዚያ ኮሜንቶች ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ይህን ያህል ትጎትታለች።

ግን የሙከራው ሌላኛው ግማሽ አለ። በውሸት ዳውንቮት የተደረገባቸው ኮሜንቶች ወድቀው አልቀሩም። ሰው መጥቶ አስተካከላቸው። ያለአግባብ የተመታውን ለማንሳት ሕዝቡ እጁን ይዘረጋል። ይሄን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ደግሞ እይታ ከመንጋ ያድናል ያለው ማን ነው? በ2006 ሳይንስ ላይ የወጣ ሌላ ሙከራ ነበር። 14,341 ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዱ ሌላው ሰው የቱን ስንት ጊዜ ዳውንሎድ እንዳደረገ ያያል፤ ሌላው አያይም። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፣ የተረሳውም ይበልጥ ተረሳ። የትኛው ዘፈን እንደሚወጣም ለመገመት አስቸጋሪ ሆነ። እዚያ ለሰው የሚታይ ድምፅ አልነበረም። የሚታየው የዳውንሎድ ቁጥር ብቻ ነበር። ዳውንሎድ ደግሞ ከድምፅ ይልቅ የእይታ የቅርብ ዘመድ ነው። ሰው ፊት ቁጥር ካስቀመጥን ሰው ቁጥሩን ይከተላል። ድምፅን አጥፍቶ እይታን ማስቀመጥ ለመንጋው በር መቀየር ነው።

ጥፋቱ ያለው ቁጥሩ መቼና እንዴት እንደሚታይ ላይ ነው። ሬዲት ላይ አንዳንድ ስብስቦች የኮሜንቱን ድምፅ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይደብቁታል። ስታክ ኦቨርፍሎው ደግሞ ጠያቂው የተቀበለውን መልስ ሁልጊዜ ከላይ ያስቀምጥ የነበረበትን አሠራር በ2021 አነሳ። ጠያቂው ስለተቀበለው ብቻ የተሻለው መልስ ከሥር ይቀበር ነበር። እንዲህ ያለው ማስተካከያ እያለ ድምፁን መቅጣት «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ነው።

አሁን ጸሐፊው ያላነሱትንና እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝን ላንሳ። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ከደኅንነት ጋር የተያያዙ የኮድ መልሶችን መርምሯል። ለአደጋ የሚያጋልጡት መልሶች አማካይ ድምፅ 14፣ የአስተማማኞቹ 5 ነበር። ድምፅ ተሳስቷል። እይታስ? አደገኞቹ ያሉባቸው ገጾች አማካይ እይታ 36,508፣ የአስተማማኞቹ 18,713። ሁለቱም ቁጥሮች ወደ አንድ ገደል ነው የሚመሩት። ስለዚህ እኔም ጸሐፊውም በቁጥር ብቻ የምናምን ከሆነ ተያይዘን እንወድቃለን። ልዩነታችን አንድ ነው። ድምፅ ካለ የተሳሳተውን መልስ ወደ ታች መግፋት ይቻላል። እይታ ወደ ታች አይሄድም። የተሳሳተ መልስ በተጠቆመ ቁጥር ሰው ሊያየው ይመጣል፤ እይታው ይጨምራል።

ድምፅ ያረጃልም። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የፋይልን መጠን ለሰው በሚነበብ መልኩ የሚጽፍ፣ በ2010 የተለጠፈ አጭር ኮድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ውስጥ ተገልብጧል። ስህተት ነበረበት፦ 999,999 ባይትን «1.0 ሜጋባይት» ማለት ሲገባው «1000.0 ኪሎባይት» ይል ነበር። የጻፈው ሰው ራሱ በ2019 በግልጽ ወጥቶ አረመው። ዘጠኝ ዓመት! ስታክ ኦቨርፍሎው በ2022 ለቅርብ ጊዜ ድምፆች የበለጠ ክብደት የሚሰጥ አደራደር ጨምሯል፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ግን አንድ የምቃወመው ሕግ አለ። ድምፅ ከሰጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆለፋል። መልሱ ካልታረመ በስተቀር ማንሳት አይቻልም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ይሄ ነገር አሁን አይሠራም» ብሎ ድምፁን ሊያነሳ የመጣ ሰው በሩ ተዘግቶ ነው የሚጠብቀው። ጸሐፊው ይሄን ቢያነሱ ኖሮ ከጎናቸው ነበርኩ።

«ዳውንቮት ጀማሪን ያባርራል»

እኔም ተባርሬ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዬን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አራት ዳውንቮት መጣብኝ። አንድም ሰው ምን እንዳጠፋሁ አልነገረኝም። ሦስት ወር ተመልሼ አልሄድኩም። ስለዚህ ጸሐፊው ስለ ጀማሪ ሲጽፉ የሚሉት ይገባኛል።

ጥናትም ይደግፋቸዋል። በ2014 የዜና ድረ ገጾች ኮሜንቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በድምፅ የተቀጡ ሰዎች ከዚያ በኋላ ይበልጥ እንደሚጽፉ፣ የጽሑፋቸውም ጥራት እንደሚቀንስ፣ እነሱም በተራቸው ሌላውን እንደሚቀጡ አሳይቷል። ቅጣት ብቻውን አያስተምርም።

ታዲያ ለምን ይቅር አልልም? ሌላ ቀን ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ዳውንቮት የሌለበት አንድ መድረክ ላይ የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ የሚረዳ ትእዛዝ አገኘሁ። ከሥሩ «አመሰግናለሁ» የሚል ተደርድሯል። እይታው ብዙ ነው። ትእዛዙን ሰጠሁት። የሳምንት ሥራዬ ጠፋ። ተመልሼ ኮሜንቱን እስከ መጨረሻው ሳነብ፣ ሁለት ሰዎች ከእኔ በፊት ያው ነገር ደርሶባቸው ጽፈዋል። ጽሑፋቸው ምስጋናው ሥር ተቀብሯል። መልሱ ከላይ እንዳለ ነው። የእነሱ ጉዳት ለእኔ ማስጠንቀቂያ መሆን ይችል ነበር። መድረኩ ግን የሚናገሩበትን መንገድ አልሰጣቸውም። የእኔ እይታ ደግሞ ከእነሱ እይታ ጋር ተደምሮ መልሱን ይበልጥ የታመነ አስመሰለው።

ጸሐፊው ዩቱብ በኖቬምበር 2021 የዲስላይክ ቁጥርን ከተመልካች መደበቁን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ንጽጽሩ አይገጥምም። ሙዚቃን ባልወደው የምጎዳው ነገር የለም። የተሳሳተ መልስ ግን ሥራ ላይ ይውላል።

ዋጋውንም እንይ። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አንድ አፕቮት ለመልስ ሰጪው 10 ነጥብ ይሰጣል። አንድ ዳውንቮት 2 ይቀንሳል። አንድ ሰው ካመሰገነህ የአምስት ሰው ዳውንቮት ተከፈለ ማለት ነው። መልስን ዳውንቮት የሚያደርገው ሰው ራሱም 1 ነጥብ ያጣል። ታስቦበት የተሠራ ነው፤ በቀልድ እንዳይደረግ።

ጥያቄን ዳውንቮት ማድረግ ግን ድምፅ ሰጪውን ምንም አያስከፍለውም። የእኔና የጸሐፊው መገናኛ እዚህ ያለ ይመስለኛል። መጥፎ መልስ ሰው ይጎዳል። መጥፎ ጥያቄ ማንንም አይጎዳም፤ ቢበዛ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ዱላ መምታት ተገቢ አይደለም። መልስ ላይ ዳውንቮት ይቆይ፣ በግልጽ ይታይ። የጀማሪ ጥያቄ ላይ ግን የተቀነሰው ቁጥር ለሌላ ሰው ባይታይ፣ በምትኩ «ኮዱን ጨምር»፣ «ስህተቱ ምን እንደሚል ጻፍ» የሚል ምርጫ ቢመጣ ይሻላል። ያን ቀን ከአራቱ አንዱ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ሦስት ወር አልጠፋም ነበር።

«ስሙን ደብቆ ይወጋል»

ስም ይገለጥ ካልን ቂምና ይሉኝታ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ አንድ መልስ ሥር፣ በትሕትና፣ ስህተቱን ጠቁሜ ኮሜንት ጻፍኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት የድሮ መልሶቼ ዳውንቮት ተደረጉ። ስሜ ስለታየ ነው። በማግስቱ ሲስተሙ ራሱ ድምፆቹን ሰረዛቸው፤ በአንድ ሰው ላይ ተከታትሎ የሚደረግን ድምፅ የሚይዝ ፕሮግራም አለው። ስማችን ሁሌም ቢታይ ማን ደፍሮ የታወቀን ሰው መልስ ስህተት ነው ይላል? ምክንያት መጻፍ ጥሩ ነው፤ እኔም እጽፋለሁ። ግዴታ ከሆነ ግን ድምፁ ይቀራል፣ ስህተቱ ይቆያል።

«ነጥብ ሰውን ያበላሻል»

ያሁ አንሰርስ የተባለውን የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሚያስታውስ ይኖራል። ከ2005 እስከ ሜይ 4 ቀን 2021 የኖረ ነው። እዚያ ጥያቄ መጠየቅ 5 ነጥብ ያስከፍል ነበር። መልስ መጻፍ ብቻውን 2 ነጥብ ያስገኝ ነበር። የተመረጠ መልስ 10። ውጤቱ ምን ሆነ? «አላውቅም» ብለው የሚመልሱ ሰዎች በዙ። ሁለት ነጥብ ነዋ!

ይሄ ለጸሐፊው ማስረጃ ይመስላል። ግን ያበላሸው ነጥቡ የመጣበት መንገድ ነው። ማንም ሳይመሰክርልህ ስለተገኘህ ብቻ የምታገኘው ነጥብ ነው። እይታም እንደዚያው ነው፤ ስለተከፈተ ብቻ ይጨምራል። የስታክ ኦቨርፍሎው ሠሪዎች ይሄን ያወቁ ይመስለኛል። ጥያቄ 1,000፣ 2,500 እና 10,000 እይታ ሲደርስ ባጅ (የክብር ምልክት) ይሰጣሉ። ነጥብ ግን አይሰጡም። ነጥብ የሚመጣው ሌላ ሰው አይቶ ሲፈርድ ነው።

«ድምፅ ቢጠፋ የሚጎዳ ሰው የለም»

ባለፈው ሳምንት የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ሳወጣና ሳወርድ፣ የራሴን የመጀመሪያ መልስ ሄጄ ከፈትኩት። 31 ድምፅ አለው። ሞከርኩት። በአዲሱ ቨርዥን አይሠራም። መቼ መሥራት እንዳቆመ አላውቅም። ከእኔ መልስ ሥር፣ 2 ድምፅ ይዞ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ትክክለኛውን ጽፏል። እሱንም ሞከርኩት፤ ይሠራል። አፕቮት አደረግኩት። የራሴን መልስ አርሜ ከላይ «ይሄ ለድሮው ቨርዥን ብቻ ነው፤ ከሥር ያለውን መልስ ተጠቀሙ» ብዬ ጻፍኩ። ሲታረም የድምፆቹ ቁልፍ ይከፈታል። እስከ ትናንት ማታ ሦስት ሰዎች ድምፃቸውን አንስተዋል፤ የዚያ ሰው ድምፅ ደግሞ 6 ደርሷል። የገጹ እይታ ግን በዚህ ሁሉ መሃል እንደተለመደው መጨመሩን ቀጥሏል።